የፍሬን የጎማ ቱቦን በግቢ ውስጥ መለወጥና አየሩን አሟጦ ማውጣት

ከአሰላ ተነሥቶ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ የሚመጣ መኪና 75 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,600 እና 1,700 ሜትር መካከል ይወርዳል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ቢነዳም እንኳ ፍሬኑ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ወርጄ አዳማ ስደርስ የፊት ቀኝ ቸርኬ እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ አገኘሁት፤ የቀሩት ሦስቱ ግን ለብ ያሉ ብቻ ነበሩ። መኪናውን ያሳየሁት ጋራዥ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ ለወጠልኝ፤ ሆኖም በሁለተኛው ሳምንት ያው ቸርኬ እንደገና ጋለ። ጥፋቱ ያለው ካሊፐሩ ላይ ሳይሆን፣ ከውጭ ሲያዩት እንከን የሌለው በሚመስለው የጎማ ቱቦ ውስጥ ነበር። የቱቦው ዋጋ ደግሞ ከካሊፐሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ይህ መመሪያ ያንን ቱቦ መርምሮ ስለመለየት፣ ስለመለወጥ፣ ከዚያም በዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ስለማውጣት የተጻፈ ነው። ለምሳሌ የወሰድሁት በከተማችን በብዛት የሚታየውን ኮሮላ ሲሆን፣ የሌሎች አነስተኛ መኪኖች አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሥራው ከባድ ጉልበት አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ንጽሕና ግን በብርቱ ይጠይቃል። ከዚህ በፊት ጎማ ከመቀየር ያለፈ ሥራ በመኪና ላይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢኖር እመክራለሁ።

ቱቦው የሚበላሽበት መንገድ

ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተሩ የፍሬን ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም በግፊት ስለማይታመቅ፣ ኃይሉ በቀጭን የብረት ቱቦ አልፎ ወደየጎማው ይደርሳል። የብረት ቱቦው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ከመሪውና ከሞላው ጋር ወዲያና ወዲህ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀሰው ጎማ ጋር በቀጥታ ሊያያዝ አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን አንድ ክንድ የማትሞላ ርቀት የሚያገናኘው የጎማው ቱቦ ነው። ከውስጥ ዘይቱን የሚይዝ ጎማ፣ በላዩ የተጠለፈ ጠንካራ ክር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፀሐይና ከድንጋይ የሚከላከል ውጫዊ ጎማ አለው።

ውጫዊው ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጎንበስ አድርገው ሲያጥፉት እንደ ክረምት ያልነካው መሬት ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል። አንዳንዱ ፔዳል ሲረገጥ እንደ እብጠት ይነፋል፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ይረጥባል። እነዚህ በዓይን ስለሚታዩ ለማወቅ አያስቸግሩም። የሚያስቸግረው የውስጠኛው ጎማ መላላጥ ነው። ውስጡ ሲላላጥ የተገነጠለችው ቁራጭ በመተላለፊያው ላይ እንደ መዝጊያ ትንጠለጠላለች። ፔዳሉን ሲረግጡ የማስተሩ ግፊት ኃይለኛ ስለሆነ ዘይቱን አስገድዶ ያሳልፋል፤ እግርዎን ሲያነሡ ግን ዘይቱን ወደ ኋላ የሚመልሰው ኃይል እጅግ ደካማ ነውና ያቺ ቁራጭ መንገዱን ትዘጋበታለች። ያን ጊዜ ሸራው ዲስኩን እንደነከሰ ይቀራል፣ ቸርኬው ይግላል፣ ነዳጅ ያለ ጥቅም ይባክናል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ጥፋቱ የቱቦው መሆኑን ለማረጋገጥ ጎማው እንደታሰረ መኪናውን በክሪክ አንሥተው በብረት መደገፊያ ላይ ካሳረፉት በኋላ ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩት። እምቢ ካለ በመጀመሪያ የብረት ቱቦው ከጎማው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን የላይኛውን ዳዶ በጥቂቱ ያላሉ። ጎማው ወዲያው ከተፈታ ግፊቱን የያዘው ከዚያ በላይ ያለው ክፍል፣ ማለትም ማስተሩ ወይም የፔዳሉ ዘንግ ነው፤ ቱቦውን መለወጥ አይጠቅምዎትም። በዚህ ካልተፈታ በካሊፐሩ ላይ ያለውን የአየር መውጫ ቡሎን ይክፈቱ፤ ዘይት ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ቢላቀቅ የታፈነው ቱቦው ውስጥ ነው። ይህም ሆኖ ካልተላቀቀ ፒስተኑ ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ዝገዋል ማለት ነው። ይህች አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ምርመራ ተደርጋ ቢሆን ኖሮ እኔ ለካሊፐር ባልከፈልሁ ነበር።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ቱቦዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይግዙ። የግራው ካረጀ የቀኙም ዕድሜ ያው ነው፤ ደግሞም አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን ሁለቱ ጎማዎች እኩል ላይዙ ይችላሉ። ወደ መለዋወጫ መደብር ሲሄዱ የሻንሲ ቁጥሩን ጽፈው ይሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ የአሮጌውን ቱቦ ፎቶ ግራፍ ከሁለቱም ጫፍ አንሥተው ይያዙ። ሻጩ «ይሄም ይገባል» ቢልዎ በርዝመትም፣ በጫፎቹ አቅጣጫም፣ በጥርሱም አንድ ዓይነት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይቀበሉት፤ በሁለት ጣት ያጠረ ቱቦ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ይወጠራል፣ የረዘመው ደግሞ ከጎማው ጋር ይፋተጋል። ደህና ቱቦ በላዩ ላይ የአምራቹ ምልክትና የተሠራበት ጊዜ ታትሞበታል፤ ብዙዎቹም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር አላቸው። መስመሩ ለጌጥ የተደረገ አይደለም፤ ቱቦው ሲገጠም መጠማዘዙን የሚያሳይ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን። የተቀደደን ቱቦ ቆርጦ በማሰሪያ ማያያዝ ፈጽሞ አይገባም፤ ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ በውስጡ የሚያልፈው ግፊት የትኛውንም የውኃ ቱቦ ማሰሪያ አውልቆ የሚጥል ነው።

ከቱቦው ጋር ለእያንዳንዱ ካሊፐር ሁለት አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ያስፈልጋል። አሮጌው አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ቅርጹን ይዟልና ሁለተኛ ጊዜ ዘይት አይይዝም።

ስለ ፍሬን ዘይቱ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የትኛው ዶት፣ ማለትም የትኛው የዘይት ደረጃ፣ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል፤ በአብዛኞቹ ኮሮላዎች ላይ ዶት 3 ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230። ይህ ዘይት እርጥበትን ከአየር የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ውኃው 3.7 በመቶ ሲደርስ ለዶት 3 የሚጠበቀው የመፍያ ነጥብ ወደ 140 ዲግሪ፣ የዶት 4ም ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ የጋለ ካሊፐር ዘይቱን ካፈላው እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ሳይሆን ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ዶት 3 እና ዶት 4 ቢደባለቁ ጉዳት የለውም፤ ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ስሙ ቢመሳሰልም የዶት 4 ወገን ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ የማስተሩንና የካሊፐሩን ጎሚኒዎች ሁሉ አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ክፍት ሆኖ ወራት ያስቆጠረን ጠርሙስ አይጠቀሙ። ለሁለት የፊት ጎማዎች ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ዘይቱን በአራቱም ጎማ ሙሉ በሙሉ ለማደስ አንድ ሊትር ይግዙ።

ከመፍቻዎች መካከል ሊታለፍ የማይገባው ለብረት ቱቦ ዳዶ ተብሎ የተሠራው ቁልፍ ነው፤ በኮሮላ ላይ ብዙውን ጊዜ 10 ቁጥር ይሆናል። አፉ ቱቦውን ለማሳለፍ ብቻ የሚበቃ ክፍተት ስላለው ዳዶውን ከስድስቱ ጎኖች በአምስቱ ይይዛል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ በተለመደው አፈ ክፍት ቁልፍ ጀመርሁ፤ ለስላሳው ዳዶ ሁለት ጊዜ ሸርተት ካለ በኋላ ማዕዘኖቹ ጠፍተው እንደ ዶቃ ክብ ሆነ። በመጨረሻ የብረት ቱቦውን ቆርጦ አዲስ ማሠራት ግድ ሆነብኝ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚህ ሌላ 14 ቁጥርና 17 ቁጥር ቁልፍ፣ ለአየር መውጫው 8 ወይም 10 ቁጥር ባለ ቀለበት ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ክሪክና ሁለት የብረት መደገፊያ፣ በአየር መውጫው ጫፍ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ አንድ ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ብዙ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ጥቅል ሶፍት ያዘጋጁ። ዘይቱን በአፍ መሳብ የለመዱ ሰዎች አይቻለሁ፤ መርዝ ነው፣ አይድረግ። ጓንትና የዓይን መከላከያም ያድርጉ።

መኪናውን ማሰናዳት

በአዳማ ቀኑ ገፋ ሲል ነፋሱ አቧራ ይዞ ይነሣል፤ ተራራው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎችም እዚህ የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ፍሬን ዘይት የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የማስተሩን ጎሚኒ ልትቧጭር ትችላለች፤ ስለዚህ ሥራውን በማለዳ፣ ከተቻለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ይጀምሩ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

በዋዜማው ማታ ዳዶዎቹንና የአየር መውጫዎቹን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ዝገት የሚያላላ ዘይት በጥቂቱ ይንፉባቸው፤ ዲስኩንና ሸራውን ግን እንዳይነካ በጨርቅ ይሸፍኗቸው። በማግስቱ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያስይዙ፤ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። የጎማ ቡሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ ያላሏቸው፣ ከዚያ አንሥተው በብረት መደገፊያ ላይ ያሳርፉት። ግቢዎ አፈር ከሆነ ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅም ሆነ ራስ አይገባም።

አሁን ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት የአየር መውጫው ቡሎን የሚከፈት መሆኑን ይሞክሩ። ቱቦውን ከፈቱ በኋላ ይህ ቡሎን ቢሰበርብዎ መኪናው ከግቢ አይወጣም። እምቢ ካለ በመዶሻ በቀስታ መታ መታ አድርገው፣ ዝገት ማላያውን ጨምረው፣ ጥቂት ጠብቀው እንደገና ይሞክሩ፤ ጉልበት አይጨምሩበት። እጅግ ከተጣበቀ እዚያው ቆመው ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

አሮጌውን ማውጣት

ቱቦው ሲፈታ ማጠራቀሚያው በሙሉ እንዳይፈስ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ያላቅቁ፣ ከዚያ ፔዳሉን ሦስት ጣት ያህል ወደ ታች ተጭነው በወንበሩና በፔዳሉ መካከል እንጨት አስደግፈው ያቆዩት። በዚህ ሁኔታ የማስተሩ ፒስተን ከማጠራቀሚያው የሚመጣውን ቀዳዳ ስለሚሸፍን ዘይቱ በራሱ ክብደት እየፈሰሰ አይወርድም። ባትሪው ካልተላቀቀ የፍሬን መብራቱ በርቶ ስለሚቆይ ባትሪውን ያደክመዋል። እንጨቱን ካስገቡ በኋላ የአየር መውጫውን ለአፍታ ከፍተው የታመቀውን ግፊት ያስተንፍሱና ይዝጉት።

የላይኛውን ዳዶ ሲፈቱ የቱቦውን የብረት አንገት በ17 ቁጥር ቁልፍ ይያዙ፤ አንገቱ ካልተያዘ የብረት ቱቦው አብሮ ይጠማዘዛል። ዳዶው በብረት ቱቦው ላይ ዝጎ ከተጣበቀና አብሮ ቱቦውን የሚያዞር ከሆነ ወዲያና ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ያላቅቁት። ከተፈታ በኋላ አንገቱን በመያዣው ላይ የሚያስረውን የብረት ክሊፕ በፒንሳ ስበው ያውጡ፤ ክሊፑ ይፈለጋልና እንዳይጠፋ። ቀጥሎ በካሊፐሩ ላይ ያለውን መሃሉ ቀዳዳ የሆነ 14 ቁጥር ቡሎን ፈትተው ቱቦውን ያውጡት። የሚንጠባጠበውን ዘይት በዕቃ ይቀበሉ፤ ፓራፋንጎው ላይ ከደረሰ ቀለም ይልጣልና ወዲያው በብዙ ውኃ ያጥቡት።

እዚህ ላይ የካሊፐሩን ፊት በጣትዎ ዳብሱት። አሮጌው ሮንዴላ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጣብቆ የብረቱን ቀለም መስሎ ይቀራል፤ ሳያዩት አዲሱን በላዩ ቢያስቀምጡ ሁለት ሮንዴላ ተደራርቦ ያፈስሳል። በጥፍር ወይም በካቻቪቴ ጫፍ ፊቱን ሳይቧጭሩ ያንሡት።

አዲሱን መግጠም

ከካሊፐሩ ይጀምሩ። አንዱ ሮንዴላ በቡሎኑ ራስና በቱቦው መካከል፣ ሌላው በቱቦውና በካሊፐሩ መካከል ይሆናል። በቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ጥርስ መሰል ጉጥ በካሊፐሩ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ መቀመጧን ካረጋገጡ በኋላ ቡሎኑን በእጅ ያስገቡ፤ ለጊዜው አያጥብቁት። ከዚያ የላይኛውን አንገት በመያዣው ውስጥ አሳልፈው የብረት ቱቦውን ዳዶ በጣትዎ ያስጀምሩ። ቢያንስ ሦስት ዙር ያለ ቁልፍ መግባት አለበት፤ ካልገባ ጥርሱ ተጣሞ ተይዟልና አውጥተው እንደገና ይሞክሩ። በቁልፍ አስገድዶ የሚገባ ዳዶ ጥርሱን በልቶ ነው የሚገባው።

ክሊፑን መልሰው ከመቱ በኋላ ያንን በቱቦው ላይ የተሳለውን መስመር ይመልከቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከሄደ ቱቦው አልተጠማዘዘም፤ እንደ ሐረግ ከዞረ ግን ፈትተው ያስተካክሉት። የተጠማዘዘ ቱቦ ዛሬ አያፈስስም፤ ሲሠራ ራሱን ለማስተካከል እየታገለ ያረጃል፣ አንዳንዴም ታጥፎ ወደ ጎማው ይጠጋል። አሁን ያጥብቁ፤ በብዙ ኮሮላዎች ላይ የካሊፐሩ ቡሎን ወደ 30 ኒውተን ሜትር፣ የብረት ቱቦው ዳዶ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ከሌለዎ ዳዶው ቆም ካለ በኋላ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል፤ ዳዶው ለስላሳ ነውና በሙሉ ክንድ አይጎተትም።

መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው ቱቦው እንዳይወጠርና ከጎማው ጋር እንዳይነካካ ይመርምሩ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለና በክሪክ ከሥሩ ወደ ላይ ተገፍቶ ሳለ ሁለቱንም ይሞክሩ፤ በተንጠለጠለበት ጊዜ የሚመች ቱቦ ጉድጓድ ሲገባ ላይመች ይችላል።

የኋላው በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ በሁለቱም ጫፍ የብረት ቱቦ ስላለው ሁለት ዳዶና ሁለት ክሊፕ ይኖረዋል። አሮጌው ኮሮላ ዲኤክስ ለኋላው በመሃል አንድ ቱቦ ብቻ አለው።

አየር ማውጣት

ባትሪው እንደተላቀቀ ይቆይ፤ ፔዳሉን ያስያዘውን እንጨት ግን ያውጡ። ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረውን የጠቆረ ዘይት በሲሪንጅ ስበው፣ እስከ ላይኛው ምልክት በአዲስ ዘይት ይሙሉት። አሮጌ ዘይት እንደ ቆየ ሻይ ይጠቁራል፤ አዲሱ ከማር ውኃ የነጣ ነው፤ ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ሲያልፉ ለይቶ ማየት አያስቸግርም።

ተራው ብዙ ጊዜ ከማስተሩ እጅግ ከራቀው ጎማ ይጀምራል፤ ይኸውም የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻም የፊት ግራ ነው። አንዳንድ መኪኖች የራሳቸው ተራ ስላላቸው መመሪያ መጽሐፉን ይከተሉ። የፊት ቱቦዎችን ብቻ የለወጠ ሰው በፊቶቹ ሊወሰን ይችላል፤ ዘይቱ ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ግን አራቱንም ያዳርሱ።

የላስቲኩን ቱቦ በአየር መውጫው ላይ ያስገቡ፣ ሌላውን ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት በተጨመረበት ሃይላንድ ውስጥ ይንከሩት። ጠርሙሱ ከአየር መውጫው ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይከለክላል።

ይህ ሥራ ሁለት ሰው ይጠይቃል። እኔ ዘወትር የእህቴን ልጅ አስቀምጠዋለሁ። የምንነጋገረው ቃል አስቀድሞ የተስማማንበት ነው፤ እኔ «ርገጥ» ስለው በዝግታ ይረግጥና «ረግጫለሁ ጋሼ» ይላል፤ «ያዝ» ስለው እግሩን ሳያነሣ ይቆያል። ያን ጊዜ ቡሎኑን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ ዘይቱ ከአረፋ ጋር ይወጣል፤ እሱም «ወረደ» ሲል እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ብቻ «ልቀቅ» እለዋለሁ። ቡሎኑ ክፍት ሳለ ፔዳሉ ከተለቀቀ ያወጣነው አየር በቡሎኑ ጥርስ በኩል ተመልሶ ይገባል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መርገጥ አየሩን በዘይቱ ውስጥ ያሰባብረዋል፤ ከተሰባበረ በኋላ ለማውጣት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ረጋ ይባል።

መኪናው ያረጀ ከሆነ ከፔዳሉ ሥር አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ያስቀምጡ። ማስተሩ ለዓመታት ሲመላለስበት የኖረው ክፍል ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ዝገትና ዝቃጭ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ሲወርድ ጎሚኒው በዚያ ላይ ተፍቆ ይቆረጣል። ቱቦ ለውጦ ማስተር ያበላሸ ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በየአምስት ወይም ስድስት ርግጫ ማጠራቀሚያውን ይመልከቱና ይጨምሩ። ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ አየር ከላይ ይገባና ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያ ይጀመራል፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ባለው መኪና ላይ ደግሞ አየሩ በውስጡ ተደብቆ በኮምፒዩተር ካልሆነ አልወጣ ሊል ይችላል። አረፋው ሲቀንስ ካሊፐሩን በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያድርጉት፤ የተጣበቁ አረፋዎች ይነሣሉ። አረፋ የሌለበትና ቀለሙ የነጣ ዘይት በተከታታይ ከወጣ ቡሎኑን 8 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ማለትም በትንሹ፣ አጥብቀው የላስቲክ መክደኛውን ያልብሱት።

ፔዳሉ ካልጠነከረ

ሁለት ነገሮችን ይለዩ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ካለና ደጋግሞ ሲረገጥ ከፍ የሚል ከሆነ አሁንም አየር አለ፤ ተራውን ይደግሙ። ዝቅ ብሎ ሳለ ጠንካራ ከሆነ ግን ችግሩ አየር ሳይሆን በኋላ ታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ መራቁ ሊሆን ስለሚችል ሸራው ይስተካከል። ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ማስተሩ እንደደከመ ወይም የሚያፈስስ ቦታ እንዳለ ያመለክታል። ካሊፐሮች ተነቅለው ከነበረ ደግሞ የአየር መውጫቸው ወደ ላይ መሆኑን ይዩ፤ ግራና ቀኙ ተቀያይሮ ከተገጠመ ቡሎኑ ከታች ስለሚሆን አየሩ ከላይ ታጉሮ ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ቢረገጥ አይወጣም።

መኪናው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት

ባትሪውን ያገናኙ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ረግጠው ከዚያ አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ይያዙት፤ መስመጥ የለበትም። እንደያዙ ሞተሩን ሲያስነሡ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ይህ የማገዣው ሥራ ስለሆነ ጤናማ ነው። ረዳትዎ አጥብቆ እንደያዘ በነካኳቸው መገጣጠሚያዎች ሁሉ ላይ ደረቅ ሶፍት ያሳርፉ፤ ዓይን ያላየውን ሶፍቱ ያሳያል። ከዚያ ጎማዎቹን አስገብተው መኪናውን ያውርዱና ቡሎኖቹን በተሻጋሪ ተራ ያጥብቁ፤ ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በግቢ ውስጥ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ እጅዎ በእጅ ፍሬኑ ላይ ሆኖ ይደረግ። ደህና ከሆነ ጸጥ ባለ የሰፈር መንገድ ላይ በ20፣ ቀጥሎ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሞክሩ፤ መሪው ወደ የትም መሳብ የለበትም። የወጣው አሮጌ ዘይት ወደ ቦይ አይደፋ፤ ከሞተር ዘይትም አይደባለቅ። በተከደነ ዕቃ ያኑሩትና በላዩ «የፍሬን ዘይት» ብለው ይጻፉ፤ በሃይላንድ ውስጥ ያለ ውኃ መሳይ ነገር ልጅ ሊጠጣው ይችላልና ከፍ ካለ ቦታ፣ ከተቻለም በቁልፍ ውስጥ ይሁን። የተለወጠበትን ቀን በማጠራቀሚያው አጠገብ በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉ፤ የሚቀጥለው የዘይት ለውጥ ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከእያንዳንዱ ጎማ ውስጠኛ ጎን መሬቱ ላይ ጠብታ መኖሩን ይመልከቱ፤ የጎማ ቡሎኖቹንም ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመው መዳፍዎን ወደ አራቱም ቸርኬዎች አንድ በአንድ ያስጠጉ። እኔ ከአሰላ ስመለስ ዴራ ላይ ነው የምቆመው፤ የፊት ሁለቱ ከኋላዎቹ ቢሞቁም፣ ግራና ቀኙ እኩል ከሆኑ ወደ አዳማ መንገዴን እቀጥላለሁ።